በኦክ ዛፍ ላይ ስለምትኖር አንዲት የእሳት እራት

በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ መምህራችን፤ «በኦክ ዛፍ ላይ የሚኖሩት አባጨጓሬዎች በአንዱ ዓመት በዝተው በሌላው የሚያንሱት በምን ምክንያት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኔም ፈጥኜ እጄን አወጣሁና፤ «ወፎች ስለሚበሏቸው ነው» አልሁ። ስሕተት ነበር። ከዚህ በኋላ ከመጻሕፍት መርምሬ ያገኘሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ኦክ በአውሮፓ የሚበቅል፤ በብርዱ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ ታላቅ ዛፍ ነው። ከተባዮቹ አንዷን እንግሊዞች የክረምት የእሳት እራት ይሏታል። (ክረምት ሲሉ እንደ እኛ ዝናቡን ሳይሆን ውሃ የሚረጋበትን ብርድ ነው።) ወንዱ ይበራል፤ የሴቲቱ ክንፍ ግን ጉቶ ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በግንዱ ላይ በእግሯ ወጥታ እንቁላሏን በቅርፊቱ ስንጥቅ ትጥላለች።

እንቁላሉ የሚፈለፈለው በሚያዝያ ገደማ፤ የቅጠሉ እንቡጥ ሲፈነዳ ነው። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው። አባጨጓሬው ቀድሞ ከወጣ እንቡጡ ገና ዝግ ስለ ሆነ ይራባል፤ ወይም በሐር ክሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ነፋስ ይወስደዋል። ከዘገየ ደግሞ ቅጠሉ ይጠነክርበታል፤ ታኒንም ይበዛበታል። ታኒን ማለት የከረረ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያጨማድደው፤ ቆዳ ፋቂዎችም ከዛፍ ቅርፊት አግኝተው ቆዳ የሚያለፉበት ነገር ነው።

ቫርሊና ግራድዌል የተባሉ ሊቃውንት እ. ኤ. አ. ከ1950 ጀምሮ በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው በዋይታም ዱር ይህን በቁጥር መረመሩ። በ5 የኦክ ዛፎች ግንድ ላይ ወጥመድ አድርገው የሚወጡትን ሴቶች ቆጠሩ፤ ከዛፉም ሥር ዝርግ ዕቃ አኑረው፤ ጠግበው ወደ መሬት የሚወርዱትን አባጨጓሬዎች ለቀሙ። እንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ አንድ ሳምንት የምችል አይመስለኝም። ከዓመት ወደ ዓመት ቁጥሩን ከሁሉ ይልቅ የሚለውጠው በብርዱ ወራትና በጸደይ መጀመሪያ የሚደርሰው ጥፋት መሆኑን አገኙ፤ ይኸውም በአብዛኛው አባጨጓሬው ከቅጠሉ ቀድሞ በመውጣቱ ነው። ወፎች ብዙ ይበላሉ፤ ዳሩ ግን የልዩነቱ ዋና ምክንያት እነርሱ አይደሉም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ከሆላንድ አገር የተገኘው ወሬ ነው። የጸደዩ ሙቀት እየጨመረ በመምጣቱ እንቁላሉ ከእንቡጡ እጅግ ቀድሞ መፈልፈል እንደ ጀመረ እ. ኤ. አ. በ2001 በታተመ ጥናት ተገለጠ። እንግዲህ ዘሩ ሊጠፋ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳስረዳው፤ የቀደሙት በረኃብ ሲሞቱ የዘገዩት ተርፈው ስለ ተራቡ፤ እንቁላሉ እንደ ገና ከእንቡጡ ጋር ተቀራርቦ ይፈለፈል ጀመር።