«ኮሜንድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በንግድ ደብዳቤ

ከውጭ አገር ወደ ነጋዴዎቻችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ውስጥ «ኮሜንድ» የሚለው ግሥ አልፎ አልፎ ይገኛል። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ጸሐፊ አስቀድሞ የሚያገኘው ፍች «አመሰገነ» የሚል ስለ ሆነ፥ በዚሁ ተርጉሞ ለአሠሪው ያቀርባል። ፍቹ ስሕተት ባይሆንም ሁልጊዜ አይበቃም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የጥንት ፍቹ አደራ መስጠት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነፍሱን ለአባቱ አደራ የሰጠበት ግሥ ይኸው «ኮሜንድ» ነው። በዚያ ስፍራ «አመሰገነ» ብሎ የሚተረጕም አይኖርም።

በንግድም እንዲሁ ነው። አንድ የለንደን ቡና ገዥ «ሰነዶቹን ፈጥነው ስለ ላኩ ኮሜንድ እናደርግዎታለን፤ በኤል ሲው ላይ የተለወጠውን የመጨረሻ የመጫኛ ቀንም ለአስተያየትዎ ኮሜንድ እናደርጋለን» ብሎ ጻፈ እንበል። ፊተኛው ምስጋና ነው፤ ሁለተኛው ግን «ልብ ብለው ይመልከቱት» የሚል በትሕትና የተሸፈነ ማሳሰቢያ ነው። ሁለቱንም ምስጋና አድርጎ የተረጐመ ጸሐፊ አሠሪውን ደስ ያሰኘዋል፤ ቡናው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ በጅቡቲ ይጫንና ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ይላል። መለያው ቀላል ነው፤ ከተመስጋኙ ቀጥሎ «ፎር» ሲመጣ ምስጋና ነው፤ ከነገሩ ቀጥሎ «ቱ» ሲመጣ ግን ማቅረብ ወይም አደራ ማለት ነው።

ከዚሁ ሥር የወጣው «ሬኮሜንድ» ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «ኮሜንድ» ሰውየው የሠራውን ሲያመሰግን፥ «ሬኮሜንድ» ወደ ፊት ይታመን ዘንድ ይመክራል። የዱቤ ደንበኛን በደብዳቤ መመስከር ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር አንድ የማስታወቂያ ድርጅት፥ ባንክ ስለ ደንበኛው በሰጠው መልካም ምስክርነት ተማምኖ ውል ገባ፤ ደንበኛው ሲከስር 17,000 ፓውንድ ያህል ጠፋበት። በ1963 የጌቶች ምክር ቤት ሲፈርድ፥ በቸልተኝነት የተሰጠ ምስክርነት ካሣ ሊያስከፍል እንደሚችል አስታወቀ። ባንኩ ያመለጠው በደብዳቤው ላይ «ያለ ኀላፊነት» የሚል ቃል ጨምሮ ስለ ነበር ነው።

የማዕረግም ነገር አለ። «ኮሜንድ» አብዛኛውን ጊዜ ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ ምስጋና ነው። ለባንክ ዲሬክተር «ኮሜንድ አደርግዎታለሁ» ብሎ መጻፍ ሽማግሌን «አበጀህ፥ ጎበዝ» እንደ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ግሬትፉል» የሚለው ይስማማል።

ፈረንሳይኛ የተማሩ ጸሐፊዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። በፈረንሳይኛ «ኮማንድ» ዕቃ ማዘዝ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ ተመሳሳዩ ቃል እንደ ጦር አዛዥ ማዘዝ ነው። ሁለቱን የእንግሊዝኛ ግሦች የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ምስጋናው በ«ኢ»፥ ትእዛዙ በ«ኤ» ይጻፋል። ታይፒስቱ ይህችን ፊደል ከሳተ፥ ደንበኛው በምስጋና ፈንታ ትእዛዝ ይደርሰዋል።