በቆሎና ሣር በአንድ እርሻ

በደቡብ አሜሪካ ባለው በብራዚል አገር ሴራዶ የሚባል ሰፊ ምድር አለ። በዚያ ምድር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዝናም ይዘንማል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ዝናሙ እጅግ ጥቂት ነው። በዝናም ወራት ሣሩ ይለመልማል፥ ከብቱም ይሰባል። በደረቁ ወራት ግን ሣሩ ይጠወልጋል፥ የሰባውም በሬ ይከሳል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን በሬ «አኮርዲዮን» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ይህ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሳብ እንደሚሰፋ ሲጨመቅም እንደሚጠብ፥ የበሬውም ጎን እንዲሁ ይሆናልና። ነገር ግን ላሟ በነጠፈችበት ቤት ላሉ ልጆች ይህ ቀልድ አይደለም።

አስተዋይ ገበሬ በዝናም ጊዜ ስለ ደረቁ ወራት ያስባል። በአንድ እርሻም ላይ በቆሎንና ብራኪያሪያ የሚባለውን ሣር አብሮ ይዘራል። ብራኪያሪያ ከአፍሪካ የሄደ ሣር ነው። ከዓይነቶቹም አንዱ ፒያታ የሚባለው ከኢትዮጵያ፥ ከወለጋ ምድር ከተወሰደ ዘር የተመረጠ ነው፤ ኤምብራፓ የሚባለው የብራዚል የእርሻ ምርምር ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓመት ለገበሬዎች አወጣው።

በቆሎውና ሣሩ ከአንድ መሬት ውሃና ምግብ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ እኩል ቢነሡ ይሻማሉ። ገበሬው ግን የሣሩን ዘር ከበቆሎው ይልቅ ጠለቅ አድርጎ ይቀብረዋል፤ ወይም በቆሎው ከበቀለ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይዘራዋል። በቆሎውም ቀድሞ ያድጋል፥ በጥላውም ሣሩን ይሸፍነዋል። ሣሩ ግን አይሞትም፤ በጥላው ሆኖ ሥሩን እየሰደደ ተራውን ይጠብቃል።

የበቆሎው ፍሬ ከወተትነት ወደ ዱቄትነት ሲለወጥ አጨዳው ይጀመራል። ከ100 ኪሎ እርጥብ መኖ ውስጥ ከ65 እስከ 70 ኪሎ ውሃ ሲሆን ጊዜው ደርሷል። ገበሬው ቢቸኩል ውሃው ይበዛል፥ መልካሙም ጭማቂ ፈስሶ ይጠፋል። ቢዘገይ ደግሞ አገዳው ይደርቃል፥ ሲረገጥም በመካከሉ ያለው አየር አይወጣም። ሣሩም እንደ ገና ያቆጠቁጥ ዘንድ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያጭደዋል።

ከዚህ በኋላ በቆሎው ከነፍሬው፥ ከሣሩ ጋር ተቀላቅሎ ደቅቆ ይከተፋል፤ በጉድጓድም ይጨመራል። አየር እንዳይቀር በብርቱ ይረገጣል፤ በላዩም ላስቲክ ይለበሳል፥ አፈርም ይጫንበታል። በዚያ ታፍኖ ሳለ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ስኳሩን ወደ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል። ወተት እርጎ እንደሚሆን፥ ቆጮም በጉድጓድ ውስጥ እንደሚቆይ፥ መኖውም ኮምጥጦ ሳይበሰብስ ወራት ይቆያል። ይህም መኖ ሳይሌጅ ይባላል። ነገር ግን ላስቲኩ በአንድ ስፍራ ቢቀደድ አየር ይገባል፥ መኖውም ይሻግታል፤ የብዙ ወር ድካም በትንሽ ቀዳዳ ይጠፋል።

ሣሩ ብቻውን ቢታፈን ውሃው ብዙ ስኳሩም ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይበላሻል። የበቆሎው ስኳር ግን ሁለቱንም ያድናል፤ ፍሬውም ለከብቱ ብርታት ይሰጣል። በእርሻው ላይ ደግሞ በቆሎው ከሄደ በኋላ መሬቱ ራቁቱን ይቀር ነበር፤ ነገር ግን ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ሣር ፀሐይ አግኝቶ ይነሣል፥ አፈሩን ይሸፍናል፥ ለከብቱም ግጦሽ ይሆናል። እንዲሁ በቆሎው በጉድጓዱ ውስጥ ሣሩን ይረዳል፤ ሣሩም በሜዳው ላይ የበቆሎውን ስፍራ ይጠብቃል።

ከዚህም ተራን መጠበቅ ስንፍና እንዳልሆነ ይታወቃል። ቀዳሚው ኋለኛውን ካላጠፋ፥ ኋለኛውም ቀዳሚውን ካልተሻማ፥ አንድ መሬት ለሁለቱ ይበቃል። ጊዜውን ጠብቆ የሠራ፥ ትንሹንም ቀዳዳ ያልናቀ ገበሬ፥ ደረቁ ወራት በመጣ ጊዜ የከብቱን ጎን አይቶ አያፍርም።