የእጣን ዛፍ

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን ስለ እጣን ዛፍ አቀርብላችኋለሁ። ቡና ሲፈላ የምናጨሰው፣ በቤተ ክርስቲያንም ቄሱ በጽና የሚያጥኑት እጣን ከየት ነው የሚመጣው? ከሱቅ ነው የምትሉ አትጠፉም!

የት ይበቅላል?
ሰቆጣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች እዚህ አናየውም። ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ቆላ ስንወርድ ግን በሞቃትና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ፓፒሪፌራ ማለት ወረቀት ያለው ማለት ሲሆን፣ ይህን ስም ያገኘው ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ስለሚነሳ ነው።

እንዴት ያብባል?
በበጋ ውኃ ለመቆጠብ ቅጠሉን ያረግፋል። የደረቀ ይመስላል እንጂ አልደረቀም፤ ያለ ቅጠል ያብባል። አበባው ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ንቦችም ይወዱታል።

እጣኑ እንዴት ይገኛል?
ሰዎች በበጋ ቅርፊቱን በስለት በስሱ ይልጡታል። ዛፉ ቁስሉን ለመሸፈን ነጭ ሙጫ ያወጣል። ሙጫው ሲደርቅ ይለቀማል፤ ያ እጣን ነው። ከዚያ እንደገና ይቆስላል።

ችግሩ ምንድን ነው?
ምግብ የሚዘጋጀው በቅጠል መሆኑን ተምረናል። ዛፉ በበጋ ቅጠል ስለሌለው የሚያብበውም፣ ሙጫ የሚያወጣውም በክረምት ካጠራቀመው ምግብ ነው። ቁስሉ ሲበዛ ታዲያ ለአበባና ለዘር የሚተርፈው ያንሳል፤ ዘሩም ደካማ ይሆናል። የበቀለውን ችግኝ ደግሞ ከብትና ፍየል ይበሉታል፣ እሳትም ያቃጥለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ከተጠኑት የእጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ትንንሽ ዛፎች እንደሌሉ አሳይቷል። ሽማግሌ ብቻ ቀርቶ ልጅ የሌለበት መንደር ማለት እኮ ነው! ትልልቆቹ ሲሞቱ ማን ይተካቸዋል?

ምን እናድርግ?
1. ቀጫጭን ዛፎችን አለማቁሰል።
2. ብዙ የቆሰለውን ዛፍ ለዓመታት ማሳረፍ።
3. ችግኝ ያለበትን ቦታ ከከብትና ከእሳት መከለል።
4. ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል፤ በዚህም መንገድ ይበቅላል።

ከብት የምንጠብቀው እኛ ልጆች ስለሆንን ሦስተኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። ቆላ ዘመድ ያላችሁም ንገሩልን።

ጥያቄ፦ የእጣን ዛፍ ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት ለማበብ ምግብ የሚያገኘው ከየት ነው? መልሱ ከላይ ስላለ ፈልጉት።