የታሸገ ምግብ ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ነው። ባለቤቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አለበት። ከሱፐርማርኬት «ኮሌስትሮል የለውም»፣ «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚሉትን እየመረጥኩ እገዛለሁ፤ በጾም ደግሞ የጾም ብስኩት አቀርብለታለሁ። ግን ስኳሩም ግፊቱም አልወረደም። ጽሑፉ ያታልላል እንዴ?

መልስ፦ ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምግቡ ለባለቤትዎ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት ውጤቶች ስለሆነ፣ የዕፅዋት ዘይት ሁሉ ተጻፈበትም አልተጻፈበትም ኮሌስትሮል የለውም። የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ሳቹሬትድ ስብ ነው። የጾም ብስኩትም ቅቤ ባይኖረውም በፓልም ዘይትና በስኳር የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያልተጨመረበት ጭማቂም የፍሬው ስኳር አለበት።

ስለዚህ ዕቃውን ያገላብጡና እነዚህን ይመልከቱ፦

• የተሠራበት ዝርዝር፦ የሚጻፈው ብዛት ካለው ጀምሮ ነው። ስኳር ወይም ግሉኮስ ሲረፕ ከፊት ከመጣ ይተዉት።

• የ100 ግራሙ ዓምድ፦ «በአንድ ጊዜ የሚበላ» የሚለውን መጠን ፋብሪካው ሊያሳንሰው ስለሚችል፣ ሁለት ዕቃ የሚያወዳድሩት በ100 ግራም ነው። በብሪታኒያ መለኪያ ስኳር ከ22.5 ግራም፣ ጨው ከ1.5 ግራም ካለፈ ብዙ ይባላል። ለስኳር ሕመምተኛ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱም ይታያል።

• ሶዲየም፦ በ2.5 ሲያባዙት ጨው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ የሚያነብ አለ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ጊዜ የለውም፤ ቁጥሩም ደቃቅ ነው። ለዚህ ነው ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ሳቹሬትድ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛበት ምግብ ፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍበት ያስገደደችው። ሕጉ የእነዚህን ምግቦች ለልጆች የሚደረግ ማስታወቂያና የትምህርት ቤት ሽያጭም ከለከለ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የጣፋጭ መጠጥ ግዢ በሩብ ገደማ ቀነሰ። ፋብሪካዎችም ምልክቱን ለመሸሽ ስኳርና ጨው ቀነሱ።

እርስዎ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ቤታችሁ በየሳምንቱ የሚገባውን ዘይት፣ ብስኩት፣ ጭማቂና የቅመም ኩብ አንድ ጊዜ አጣርተው የተሻለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ይግዙ። የዕቃዎቹን ጀርባ በስልክዎ አንስተው በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ያሳዩ። ባለቤትዎ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይቀንስ ወይም እንዳያቋርጥ።