ስካይላይን ዙሪያ የት እንብላ? በሁለት ክፍል መሀል ላለች አንድ ሰዓት የሚሆን ትምህርት

ስለ ክሬዲት፣ ስለ ትራንስፈርና ስለ ስኮላርሺፕ ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ ምሳ ግን ማንም አይነግረንም። በኖቫ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ በተማርኩባቸው ዓመታት ከማውቃቸው ልጆች ብዙዎቹ ከሌሊት ሺፍት ወጥተው በቀጥታ ክፍል ይገቡ ነበር። ያደከማቸው ትምህርቱ አልነበረም፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ በቡናና በቺፕስ መዋሉ ነው። ሂሳብ በባዶ ሆድ አይገባም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በካምፓሱና በስካይላይን ዙሪያ የት፣ በስንትና እንዴት እንደሚበላ ነው።

1. ሰፈሩን እንወቅ

ኖቫ ራሱ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ 761 ተማሪዎችን ይዞ ነው የጀመረው። የዛሬው አሌክሳንድሪያ ካምፓስም ከስካይላይን ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ አይርቅም።

አዲስ የመጣ ተማሪ የሚደናገረው በአድራሻ ነው። ካምፓሱ ያለው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው። ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ግን፣ የፖስታ አድራሻቸው ፎልስ ቸርች ቢልም፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ናቸው። በኮሎምቢያ ፓይክ ወደ ምሥራቅ ከተጓዛችሁ ደግሞ አርሊንግተን ካውንቲ ትገባላችሁ። ሦስት አስተዳደር በአንድ ሰፈር ማለት ነው። ይህ ለኪሳችን ምን ትርጉም እንዳለው ወደ ታች እናያለን።

የሐበሻ ቤት ለማግኘት ከጆርጅ ሜሰን ድራይቭ ጀምሩ። እዚያ ያለው ቢዩልድ አሜሪካ ፕላዛ ምግብ ቤቱን፣ ካፌውን፣ ሱቁንና ፀጉር ቤቱን ጎን ለጎን የያዘ ነው። በኮሎምቢያ ፓይክ ላይ መዓዛ ምግብ ቤት አለ፤ በዚያው ጎዳና፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ ዳማ ኬክ ቤት ይገኛል። በካምፓሱ በኩል ደግሞ በቻምብሊስ ጎዳና ላይ እናት ምግብ ቤት አለ። ሰዓትና ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

2. ሜኑ ላይ የማይጻፈው ዋጋ

በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። በዚያ ላይ የተዘጋጀ ምግብ ሲገዛ አሌክሳንድሪያ 5 በመቶ፣ አርሊንግተንም የራሱን የምግብ ታክስ ይጨምራሉ። ፌርፋክስ ካውንቲ ለብዙ ዓመት ይህ ታክስ አልነበረውም፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግን እሱም 4 በመቶ ያስከፍላል። በአንጻሩ ለቤት የሚገዛ አስቤዛ ላይ ያለው ታክስ 1 በመቶ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የምግቡ ዋጋ 20 ዶላር፣ ቲፑ 18 በመቶ ይሁን።

በአሌክሳንድሪያ ተቀምጦ መብላት፦ 20 + 2.20 + 3.60 = 25.80 ዶላር።
በስካይላይን ተቀምጦ መብላት፦ 20 + 2.00 + 3.60 = 25.60 ዶላር።
ከስካይላይን ቱጎ ይዞ መውጣት፣ ያለ ቲፕ፦ 22.00 ዶላር።
በ20 ዶላር አስቤዛ መግዛት፦ 20.20 ዶላር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለታክስ ብሎ መንገድ መሻገር ትርፉ 20 ሳንቲም ነው፤ ለነዳጅም አይበቃም። ሁለተኛ፣ ዋናው ልዩነት በመቀመጥና በመግዛት መካከል ያለው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ15 ሳምንት ሴሚስተር ስናሰላው በስካይላይን 162 ዶላር ይሆናል። ይህ ደግሞ የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ዋጋ ነው። የ20 ዶላሩ አስቤዛ ከአንድ ቀን በላይ የሚያበላ መሆኑን ገና አልቆጠርንም።

ቲፑን ግን አትቀንሱ። በቨርጂኒያ ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቀድለታል፤ ቀሪው የሚሞላው በቲፕ ነው። የምታስተናግዳችሁ ልጅ ነገ በኬሚስትሪ ክፍል አጠገባችሁ የምትቀመጠዋ ልትሆን ትችላለች። አቅም ያነሰ ቀን ቱጎ ውሰዱ።

3. ምን እንዘዝ?

ለተማሪ ኪስ ንጉሡ በያይነቱ ነው። ምስሩ፣ ክኩና ሽሮው ፕሮቲን አላቸው፤ ጎመኑ አለ፤ ከጥብስና ከክትፎም ይረክሳል። እኔ ባየሁት አንድ በያይነቱ ከተጨማሪ እንጀራ ጋር ለሁለት ተማሪ ይበቃል።

ጾመኞች ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ እንደ ልብ ያገኛሉ። ሽሮው ግን በቅቤ ይሁን በዘይት ጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሥጋው ሐላል መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም። ስንዴ የማይስማማችሁም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል። ጤፍ በአይዳሆ ግዛት ጭምር ስለሚመረት ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ይገኛል፤ ለይታችሁ ግን ማዘዝ አለባችሁ።

4. ከሱቅ እስከ ማይክሮዌቭ

እሑድ ከሐበሻ ሱቅ አንድ ፓኬት እንጀራና ምስር ግዙ። ወጡን በአንድ ድስት ሠርታችሁ በአራት ዕቃ ከፋፍሉ፤ ሁለቱን ፍሪጅ፣ ሁለቱን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። እንጀራው ሻጋታ እንዳያወጣ ፍሪጅ ይግባ። ለካምፓስ ፍርፍር ይመረጣል፤ ሲቀዘቅዝም ይበላል፣ መጽሐፍ ላይም አይፈስም። ስለ ሽታው አትሳቀቁ። የሌላው ተማሪ ካሪ ከሸተተ የእኛም በርበሬ ይሸታል።

5. ኪስ ባዶ ሲሆን

ይህን ክፍል ላለመዝለል ሞክሩ። ኖቫ በካምፓሱ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ፉድ ፓንትሪ አለ። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ መኖሩን እያወቁ አይሄዱም፤ ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። «ለባሰበት ይቅር» ይላሉ፤ «አበሻ ቢያየኝስ» የሚለውን ግን ለራሳቸው ይይዙታል። አገር ቤት ብር የምንልክ ሰዎች ምግብ መቀበል ሊከብደን ይችላል። ነገር ግን ፓንትሪው የተከፈተው እንደናንተ ላለ ተማሪ ነው። በርቶ ለመመረቅ የሚረዳ እስከሆነ ድረስ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከመዋስ በምን ይለያል?

ጓደኛችሁ ሁልጊዜ «በልቻለሁ» የሚል ከሆነ አትመኑት። ፓንትሪ ሂድ ከማለት አብሮ መሄድ ይቀላል። ወይም «ብቻዬን አልጨርሰውም» ብላችሁ በያይነቱውን መሀል ላይ አስቀምጡ።

መልመጃ

ሀ. በዚህ ሳምንት ለምሳ ያወጣችሁትን ታክስና ቲፕ ለይታችሁ ጻፉ።
ለ. በ20 ዶላር አስቤዛ ስንት ምሳ እንደሚወጣ አስሉ።
ሐ. የካምፓሳችሁን ፉድ ፓንትሪ ቦታና ሰዓት አጣሩና ለአንድ አዲስ ተማሪ ንገሩ።

ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁም ቁጥሩን በየራሳችሁ ቀይሩ፤ በሜሪላንድ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ሲሆን፣ በዲሲ ምግብ ቤት 10 በመቶ ነው። አሠራሩ ግን ያው ነው። መልካም ሴሚስተር፣ መልካም ምሳ!