ስለ ካሉብ ጋዝና ስለ ቁፋሮ ተቋራጮች

ከቁስቋም ኮረብታ ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ሥር ቆሞ በማለዳ ወደ ከተማው የተመለከተ ተማሪ ሁለት ነገር ያያል፤ ከየቤቱ የሚወጣውን ጢስና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች። በዚህ ጊዜ «አገራችን ጋዝ አላት ይባላል፤ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጋዙ መኖሩ ከታወቀ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያልተመለሰው ጥያቄ ማን ይቆፍረው፣ በማንስ ገንዘብ የሚለው ነውና ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው።

«እዚሁ ጎንደር ለምን አይቆፈርም?» ለሚል ወዳጅ አስቀድሜ አጭር መልስ ልስጥ። የቆምንበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈለቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጋዝ ግን ሦስት ነገር ይሻል፤ የሞተ ሕይወት የተቀበረበት ደለል፣ ጋዙን በቀዳዳዎቹ የሚይዝ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከላይም እንደ ምጣድ አክንባሎ የሚከድን ጥብቅ ድንጋይ። ጎረቤታችን ጭልጋ የድንጋይ ከሰል አላት፤ ከሰል ግን ካሉብ አይደለም። ሦስቱ ተሟልተው የተገኙት በኦጋዴን ነው።

የአሜሪካው ሲንክሌር በ1937 ዓ.ም. መገባደጃ ፈቃድ ተቀብሎ በኦጋዴን ቆፈረ፤ ለገበያ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ ሄደ። በ1950ዎቹ የጀርመኑ ኤልቬራት ሞከረ። የካሉብን ጋዝ ያገኘው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ሲሆን፣ ጊዜውም 1965 ዓ.ም. ገደማ ነበር፤ ቀጥሎም ሂላላን አገኘ። አብዮት መጣ፤ ቴኔኮ ወጣ። ሶቪየቶች ገብተው ካሉብ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ እነርሱም ሄዱ። በ1986 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ብድር ፈቀደ፤ ጋዙ ግን ለገበያ ሳይወጣ ቀረ። የማሌዥያው ፔትሮናስም መጥቶ ሄደ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለው ቦታ በቻይና የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሞቱ። በዚህ ሥራ የመጀመሪያውን አደጋ የሚቀበለው ከመሰርሰሪያው አጠገብ የሚያድረው ሠራተኛ እንደ ሆነ ይህ ያሳያል። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂ ሲ ኤል ተዋዋለ፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ድፍድፍ ዘይት በሙከራ ወጣ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ውሉን ሰረዘ።

ስለ ምን ይህ ሁሉ መመላለስ ሆነ? የቁፋሮ ተቋራጭን አሠራር ያላወቀ ሰው ይህን ሊረዳው አይችልም። ፈቃድ የሚይዘው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ መሰርሰሪያ የለውም፤ ሪጉን ከነሠራተኛው ከተቋራጭ ይከራያል። ተቋራጩ በሜትር ወይም ለጠቅላላው ጉድጓድ በቁርጥ ሊዋዋል ይችላል፤ የተለመደው ግን የቀን ሒሳብ ነው። ጋዝ ተገኘ አልተገኘ የቀኑን ይቀበላል። ማማው፣ ቧንቧው፣ ሲሚንቶው፣ የጭቃው ፓምፕ፣ ጋዝ በድንገት እንዳይፈነዳ ጉድጓዱን የሚዘጋው የብረት መዝጊያ ሁሉ ከወደብ እስከ በረሃው ድረስ በከባድ መኪና ይጓዛል፤ የጉዞውም ኪሳራ ለብቻው ይከፈላል። አሥር ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ይህን ወጪ ለአሥር ያካፍለዋል፤ አንድ ብቻ የሚያስቆፍር ሁሉንም ለአንዷ ይሸከማል። እንግዲህ ገዢና መውጫ መንገድ ሳይኖረው ሪግ የሚከራይ ማን ነው? የካሉብ ጋዝ ተኝቶ የኖረው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ነገሩ ተንቀሳቅሷል። በመስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በካሉብ የጋዝ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ የመጀመሪያ ክፍል ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታሰበ ነው። እስቲ እርሳስ አንሡ። ጋዝ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 600 እጥፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 111 ሚሊዮኑ ሊትር ወደ 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ አማካሪዎች ያረጋገጡት ክምችት 7 ትሪሊዮን ኩቢክ ፊት፣ ማለት 200 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። አካፍሉት፤ ሦስት ሺህ ዓመት! ሁለተኛው ክፍል በታቀደው መሠረት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ቢያመርት እንኳ 250 ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ የጎደለን ጉድጓድና ማጓጓዣ ነው እንጂ ጋዝ አይደለም። 40,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን የመጀመሪያው ክፍል ምርት በቀን ስምንት መኪና አይሞላም።

ለቁስቋም ሴቶች ግን ቶሎ ተስፋ አንስጥ። በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ የካሉቡ በአብዛኛው ሚቴን ነውና ያለ ቧንቧ ወይም ያለ ልዩ ታንክ ከማድቤት አይደርስም። ይልቅስ ወደ እኛ ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው በማዳበሪያ መልክ ነው። በጎዴ ከዳንጎቴ ጋር ሊሠራ የታቀደው ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል። ይህ ቢሆን የደምቢያ ገበሬ የካሉብ ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካው ግን ጋዝ በየቀኑ ሳይቋረጥ ይፈልጋል፤ የአንድ ጉድጓድ ግፊት ደግሞ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ስለዚህ መቆፈር አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ለተቋራጮቹስ ይህ ሀብት ነው? አይመስለኝም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ጋዝ የሚቆፍሩ ሪጎች ከ1,600 በላይ ደርሰው ነበር። በ2024 ወደ 100 ወረዱ፤ የጋዙ ምርት ግን በዚያው ጊዜ በእጥፍ ገደማ አደገ። አንድ ሪግ ወደ ጎን እየታጠፈ ረጅም መንገድ ስለሚቆፍር የብዙዎቹን ሥራ ብቻውን ወሰደ። ጋዝ በዛ ማለት ቆፋሪ ከበረ ማለት አይደለም።

በእኛ አገር ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቆፋሪው ማን ይሁን? ኬንያ በ1973 ዓ.ም. ከኦልካሪያ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረች። እኛም በዚያው ዘመን በአሉቶ ላንጋኖ ስምንት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ግድም ቆምን። እነርሱ አላቆሙም። በ2012 ዓ.ም. በቱሉ ሞዬ ቁፋሮ ሲጀመር በተቋራጭነት ሪግ ይዞ የመጣው የኬንያው ኬንጄን ነበር። ለካሉብም ሪግና ሠራተኛ ከውጭ እየተከራየን እስከ መቼ እንኖራለን? የጭቃውን ክብደት የሚቆጣጠር፣ ሲሚንቶውን የሚያስር፣ የጉድጓዱን ግፊት ሌሊት ሌሊት የሚያነብ ሰው በመማሪያ ክፍል ብቻ አይወጣም፤ ከሪጉ ሥር ቆሞ ነው የሚማረው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ጂኦሎጂና ምህንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን ለክረምት ልምምድ ማመልከቻ ሲጽፉ ካሉብንም ይጨምሩ፤ በሚቀጥለው ውል ላይም ስንት ኢትዮጵያዊ በሪጉ ላይ እንደሚሠራ በግልጽ ተጽፎ እንደ ሆነ ይጠይቁ።