ቡልጉርና ቅንጬ

ቁርሳችሁ ሻይ በስኳር ብቻ ሲሆን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ትደክማላችሁ፤ ከበር ቆሜ አያችኋለሁ። ቡልጉርን ሞክሩት። የቅንጬ ዘመድ ነው፤ የስንዴ ቅንጬ ሳይቀቀል ይከካል፣ ቡልጉር ግን ተቀቅሎና ደርቆ ነው የሚከካው። ስለዚህ ቶሎ ይበስላል። ፉርሽካው በአብዛኛው ስለማይወጣለት ከነጭ ሩዝ የበለጠ አሰር አለው፤ ቶሎም አያስርብም።

2 ኩባያ ውኃ ከጨው ጋር አፍልቶ 1 ኩባያ ቡልጉር መጨመር፣ እሳቱን ቀንሶና ከድኖ 15 ደቂቃ ያህል ማብሰል። ከወረደ በኋላ 5 ደቂቃ ሳይከፈት ይቆይ፤ ቸኩሎ የሚያማስለው ገንፎ ይበላል! ንጥር ቅቤ እንደ ቅንጬው ያምርበታል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ እናቶች ይቅር ይበሉኝ።

ግሉተን የማይስማማው ልጅ ግን አይብላው፤ ስንዴ ነውና። ለእሱ ሌላ እህል ያልተቀላቀለበት የጤፍ ገንፎ ይሠራለት።